ማዘሯ ሳትሞት አትቀርም

እኔ ደህና የሚሠራ ነገር አይቼ ዝም ማለት አልችልም። የተበላሸ ነገር አጠገብ ግን ዓመት ሙሉ ብቀመጥ አይከነክነኝም። የግቢያችን በር ማጠፊያው ከተገነጠለ ብዙ ክረምት አልፎታል፤ በገመድ አስረነው በሰላም እንኖራለን። ጥርት አድርጎ የሚናገር ሬዲዮ ካየሁ ግን እጄ አያርፍም። «ትንሽ ቢስተካከል ከዚህም ይጠራል» እላለሁና መፍቻዬን አነሳለሁ። ከዚያ በኋላ ያ ሬዲዮ የሚናገረው ጠጋኝ ቤት ነው፤ እሱም ከተናገረ። ባለቤቴ ትርንጎ ጠባዬን ስለምታውቅ ዘመድ ልትጠይቅ ስትሄድ መፍቻዬን ደብቃ ነው የምትሄደው። በዚያ ሰሞን እህቷ ደምበጫ ወልዳ፣ አራስ ልትጠይቅ ስትሄድ ግን መኪና እንዳያመልጣት ቸኩላ ነበርና ረሳችው። የነገሩ ሁሉ መጀመሪያ ይኸው ነው።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ኮምፒውተሬ ወደ ባሕር ዳር ከተዛወረ ባልደረባዬ የገዛኋት አሮጌ ሣጥን ናት፤ የፈተና ወረቀት የማዘጋጀው በእሷ ነው። ጠዋት ቁልፏን ተጭኜ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ቁርሴን በልቼ፣ የጫማዬን ክር አስሬ ስመለስ ገና «እንኳን ደህና መጡ» እያለችኝ ነው። መንቀርፈፏን አልክድም። ግን ትነሳ ነበር። ይቺን «ትነሳ ነበር» የምትለዋን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች።

እናቴ የምትኖረው ቁይ ነው። የአባቴ ሙት ዓመት ደርሶ ስለነበር አንድ ነገር አዘዘችኝ። ፎቶውን ትልቅ አድርገህ አሳጥበህ፣ መስታወት አስገብተህ ጠብቀኝ፤ ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና መጥቼ እወስደዋለሁ አለች። ከዚያ ስልኳን ዘጋችው። እናቴ ስልኳን የምትከፍተው እሁድ እሁድ ነው፤ በሌላው ቀን እንዳያልቅባት ታጠፋዋለች።

አባቴ ፎቶ መነሳት አይወድም ነበር። በሕይወቱ የተነሳው አንድ ፎቶ ነው፤ እሱም ደምበጫ ገበያ አዲስ ጃንጥላ የገዛ ዕለት። ደመና በሌለበት ሰማይ ሥር ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ ከምስሉ ውጭ ወዳለ ሰው እያየ ፈገግ ብሏል። ያ ሰው እናቴ ናት፤ ከበርበሬ ነጋዴ ጋር እየተከራከረች ነበር። አባቴ እሷን ሲያይ ሁልጊዜ እንዲያ ነው። ከገበያ ስትመለስ ከመደቡ ተነስቶ፣ ቆሞ ነበር የሚቀበላት። ጎረቤቱ ሁሉ ስቆበታል። ታሞ በተኛ ጊዜ እንኳ ኮቴዋን ከሰማ ግድግዳ ይዞ ይነሳላት ነበር። ያን ፎቶ ያነሳሁት በስልኬ ነው፤ ስልኩ ጠፋ፤ ምስሉ የቀረው ያቺ አሮጌ ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ፎቶውን ከፈትኩት። ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ መጣ። ጃንጥላው ወጣ፣ ግንባሩ ወጣ፣ አፍንጫው ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። አስተዋይ ሰው ቢሆን ትንሽ ጠብቆ፣ ምስሉን በፍላሽ ገልብጦ፣ ፎቶ ቤት ወስዶ ይገላገል ነበር። እኔ «ሚሞሪ አንሷት ነው» አልኩና ወደ ገበያ ወጣሁ። ሚሞሪ ማለት ኮምፒውተሯ የጀመረችውን ሥራ ይዛ የምትቆይባት፣ ከማስቲካ እሽግ ብዙ የማትበልጥ ሰሌዳ ናት። ሻጮቹ «ራም» ነው የሚሏት።

ገዝቼ ስመለስ አጥር የምንጋራቸው መሪጌታ ይባቤ በራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። መሪጌታ የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። ደብረ ወርቅ ቅኔ ሲማሩ ስለኖሩ አንድ ቃል ለሁለት ሳይሰነጥቁ አያሳልፉም። ምን እንደያዝኩ ጠየቁኝ። ራም ነው አልኳቸው።

«ራማማ የመላእክት ከተማ ናት» አሉ። «ገበያ መውጣቷን አልሰማሁም።»

ለኮምፒውተር ማስታወሻ የምትጨመር ዕቃ መሆኗን ሳስረዳቸው፣ ሰው የራሱን እየረሳ ለዕቃ ማስታወሻ መግዛቱ ገርሟቸው ብዙ ሳቁ። እኔም ስቄ ገባሁ። ከዚያ በኋላ እስከ ቅዳሜ አልሳቅሁም።

ሣጥኗን ከፈትኩ፤ አሮጌዋን ሚሞሪ አወጣሁ፤ አዲሷን ከተትኩ፤ ቁልፏን ተጫንኩ። ውስጥ ያለችው ማራገቢያ ዞረች፤ መስኮቱ፣ ስክሪኑ ማለቴ ነው፣ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ሣጥኗም ያኮረፈ ሰው እንደሚያደርገው ትንፋሽ ብቻ ሆነች። አጠፋሁ፣ አበራሁ። ነቀልኩ፣ ሰካሁ። እፍ አልኩባት። ጎኗን በመዳፌ መታ መታ አደረግኋት። እርጥበት ይሆናል ብዬ እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ አሰጣኋት፤ የመሪጌታ ዶሮ ላይዋ ላይ ወጥታ ስለነበር መልሼ አስገባኋት። በመጨረሻ አሮጌዋን ሚሞሪ መለስኩላት። በእሷም አልነሳ አለች። ያኔ ላብ አጠመቀኝ። ትርንጎ ስትደውል ነገሩን ነገርኳት። እሷም «ትሠራ አልነበረም እንዴ?» አለች። ከዚህች ጥያቄ ይልቅ ስድብ ይሻለኝ ነበር።

ቢንያም የሚባል ኮምፒውተር ጠጋኝ አለን፤ ደግ ሰው ነው። እሱም እንደ ትርንጎ ደምበጫ ነው፤ የአንድ ቢሮ ማሽን ሊተክል ሄዷል፤ የሚመለሰው ቅዳሜ ነው። ዓርብ ሚሞሪዋን ላስቀይር ወደ ሻጩ ስሄድ፣ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ደወልኩለት። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ቢንያም ማሽንን ሁሉ እንደ ሴት ነው የሚጠራው፤ ነገሩ ተጋብቶብኝ እኔም እንደሱ ሆኛለሁ። ሁለተኛ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ሁሉም ነገር የሚሰካበት ትልቁ ሰሌዳ ማዘርቦርድ ይባላል፤ የሙያው ሰዎች ግን አሳጥረው «ማዘር» ነው የሚሉት። እኛ ደግሞ ማዘር የምንለው ማንን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ቢንያም የሆነውን ሁሉ ሰምቶ «ማዘሯ ሳትሞት አትቀርም» አለኝ። ባጃጁ ዳገት ላይ ስለነበር ያጓራል። እኔም ጆሮዬን ደፍኜ እየጮኽኩ ነው የማወራው።

«ማዘር ሞታለች ነው የምትለኝ?»

ሳትሆን አትቀርም አለ።

«ኧረ ትናንት ጠዋት ደህና ነበረች። ከሰዓት ነው አልነሳ ያለችው። እኔው ነኝ ጠንቋ፤ እንዳለች ብተዋት ምን ነበረበት?»

አይዞህ፣ ሌላ ይፈለጋል አለ።

«ሌላ ማዘር ከየት ይገኛል? ባሕር ዳር? ያገለገለችም ብትሆን ግድ የለኝም፤ ብቻ ቶሎ ትምጣልኝ።»

ባለ ባጃጁ የቁይ ሰው ነው፤ እናቴንም እኔንም ያውቀናል። ንግግሬን ስጨርስ ባጃጁን ቀስ አድርጎ፣ ጉድጓድ ጉድጓዱን እያለፈ፣ እንቁላል እንደጫነ ሰው ወሰደኝ። ሻጩ በር ላይ ስወርድ ሒሳቡን አልቀበልም አለ። ባርኔጣውንም አውልቆ «እግዜር ያጽናህ» አለኝ። የማርቆስ ሰው ስለ ኮምፒውተር እንዲህ ማዘኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ሻጩ ግን አላዘነም፤ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም አለና ሸኘኝ።

ቅዳሜ ገና ሲነጋጋ ጠረጴዛው ላይ የሣጥኗን ሆድ ዕቃ ዘርግቼ፣ መፍቻ ይዤ ወዲያና ወዲህ እላለሁ። እናቴ መኪና ውስጥ ሳትሆን አትቀርም። ምን ብዬ ነው የምነግራት? አባቴን እንደገና ያጠፋሁት መሰለኝ። በዚህ ላይ በሩ ተንኳኳ። ገመዱን ፈትቼ ስከፍት መሪጌታ ይባቤ ቆመዋል። ከኋላቸው የእድሩ ሽማግሌዎች፣ ከነሱም ኋላ የሠፈሩ ሴቶች አሉ። ማንም ስለምን እንደመጣ አልተናገረም። ገብተው ተቀመጡ። ጠረጴዛውን ያያሉ፤ መፍቻዬን ያያሉ፤ እኔን ያያሉ።

«ሰምታችኋል ማለት ነው» አልኩ።

መሪጌታ ደነገጡ። «አንተስ ሰምተሃል?»

«ትናንት ነው የሰማሁ። ቢንያም በስልክ ነገረኝ።»

በስልክ መሆኑን ሲሰሙ ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ፤ ሰው እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ይናገራል ወይ አሉ። ደምበጫ ስላለ ነው ብዬ ለቢንያም ተከላከልኩለት። መሪጌታ ጎንበስ ብለው መቼ እንዳረፉ ጠየቁኝ። ለአሮጌ ሣጥን አንቱ ማለታቸው ልቤን ነካው። ሐሙስ ከሰዓት መሆኑን ነገርኳቸው። ቢሆንም ተስፋ አልቆረጥኩም፤ ዛሬ ቢንያም ሲመጣ ውስጧ ያለውን አውጥተን ወደ ሌላ እናዛውራለን አልኳቸው። ከሴቶቹ አንዷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። መሪጌታ ተነስተው መፍቻውን ከእጄ በቀስታ ወሰዱትና አጠገባቸው ለተቀመጡት ሽማግሌ አቀበሉት።

ከዚያ ቁርስ ብላ አሉኝ። አልራበኝም ስል ትንሽ ቅመስ አሉኝ። አንዱ ስልኬን አንስቶ ኪሱ ከተተው። ይህን ሲያደርጉ ቀና ብዬ ሴቶቹን አየሁ። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እኔ መቼስ ሞኝ ብሆንም የዚህ አገር ልጅ ነኝ። ሰው በማለዳ ተሰብስቦ መጥቶ ዝም ሲል፣ ቁርስ ብላ እያለ ሲለምን፣ ስልክ ሲወስድ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ለኮምፒውተር ነጠላ የሚያዘቀዝቅ ሰው የለም።

«እማዬ ናት?» አልኩ።

መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን በደንብ አላስታውስም። መሬት ላይ ነበርኩ፤ ጮኽኩ። ሴቶቹ ተቀበሉኝ። እናቴ ከእኔ አንድ ነገር ነበር የጠየቀችኝ፤ እሱንም ሳላደርግላት ሄደች እያልኩ ነበር የማለቅሰው፤ እውነትም ነበር። ደጅ ላይ ድንኳን ሲተከል ይሰማኛል፤ የሚመታው ችንካር በአናቴ የሚገባ ይመስለኛል። በመሐል እንዴት ሆና እንደሞተች ጠየቅሁ። አንዷ ሐሙስ ጠዋት ደህና ነበረች አሉ አለች። ሌላዋ፣ አዎ፣ ከሰዓት ነው አልነሳ ያለችው አለች። ይህን ነገር የት ነው የሰማሁት ብዬ አሰብኩና መልሼ ማልቀስ ያዝኩ።

ቁይ የሚወስደን መኪና እየተፈለገ ሳለ ከደጅ የሴት ጩኸት መጣ። «ልጄን» ትላለች፤ «ልጄን፣ አንድ ልጄን» ትላለች። ድምፁን አወቅሁት። የሞተ ሰው ሲጣራ አቤት አይባልም ብለው ልጅ ሳለሁ ያስፈራሩኝ ነበር፤ እኔ ግን አቤት ብዬ ወጣሁ።

እናቴ ናት። የአባቴን ጃንጥላ ይዛ፣ ዘንቢሏን መንገድ ላይ ጥላ፣ ደረቷን እየመታች በድንኳኑ መሐል ትመጣለች። ከመኪና ወርዳ ወደ ቤቴ ስትቃረብ ድንኳን አየች፤ በዚያ ቤት ደግሞ ከእኔ ሌላ የእሷ የሆነ ሰው የለም። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ ቆመ። አንዳንዱ በዚህ፣ አንዳንዱ በዚያ ሾለከ። ያ ባለ ባጃጅ ለለቅሶ መጥቶ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሲያያት ማማተብ ጀመረና ማቆም አቃተው። እሷ ማንንም አላየችም። እኔን ስታይ ጃንጥላው ከእጇ ወደቀ። ተያይዘን መሬት ተቀመጥን። እሷ እኔን ትዳስሳለች፤ እኔም እሷን እዳስሳለሁ።

በኋላ ዕንባዋን ጠርጋ ዙሪያዋን አየችና «ታዲያ ማነው የሞተው?» አለች።

ሰው ሁሉ ጎረቤቱን አየ። መሪጌታ ነገሩን የሰሙት ከዳቦ ቤቷ ሴትዮ ነው። ሴትዮዋ የሰማችው ከአንድ የቀን ሠራተኛ ነው። የቀን ሠራተኛው ያን ባለ ባጃጅ ጠቆመ። ባለ ባጃጁ ማማተቡን ሳያቆም ተነሳ፤ ራሱ ልጇ ነው ማዘር ሞታለች ሲል በጆሮዬ የሰማሁት፤ እንዲያውም ጠንቋ እኔ ነኝ ብሏል፤ በምትኳም ከባሕር ዳር ያገለገለች እንዲመጣለት አዟል አለ። እናቴ ዞራ አየችኝ። እንዲያ አድርጋ ያየችኝ ልጅ ሳለሁ የአባቴን ሰዓት ከፍቼ ልዘጋው ያቃተኝ ዕለት ነው። እኔም ወደ ጠረጴዛው ሮጬ ሰሌዳውን አሳየሁ፤ ይቺ ናት ማዘር፣ ማዘርቦርድ ነው ስሟ፣ አልነሳ ያለችውም ይቺው ናት እያልኩ ለፈለፍኩ።

መሪጌታ ወደ ሰሌዳው ጎንበስ አሉ። «ሰምና ወርቅ ስለይ ነው የኖርኩት» አሉ። «ዛሬ ግን ሰሙን ቤት ረስቼ ወርቁን ብቻ ይዤ መጣሁ።»

ሳቁ ያኔ ተነሳ፤ በለቅሶ የደከመ ሰው ሲስቅ ማቆሚያ የለውም። እናቴም ድንኳኑ ሥር ገብታ በክብር ተቀመጠች። ንፍሮው ለእሷ ነፍስ መቀቀሉን ስትሰማ አንድ እፍኝ ወስዳ ጨው ያንሰዋል አለች። ከዚያ ሴቶቹን ምን እያላችሁ አለቀሳችሁኝ ብላ ያዘቻቸው። አፈሩ። ስትለምናቸው አንዷ ለጋሲቱ፣ የዋሂቱ ማለታቸውን ነገረቻት። እናቴም ለጋስ ያሉትን ተቀበለች፤ የዋህ ያሉትን ግን ማን እንደሆነ የተናገረው አጥብቃ ጠየቀች። በሕይወት ሳለች እንዲህ ሞቅ ብሎላት አይቼ አላውቅም።

ሞቅታው ሲበርድ ግን ወደ እኔ ዞረች። «ፎቶውስ?» አለችኝ።

እዚያ ውስጥ ነው ብዬ ሣጥኗን አሳየኋት። አንድ ብቻ መሆኑንም፣ ሣጥኗን የነካካሁ እኔ መሆኔንም ነገርኳት። እናቴ አልተቆጣችም፤ ጃንጥላውን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ጫፉን በጣቷ ታሻሸው ጀመር። ምነው በተቆጣችኝ።

ቢንያም የደረሰው በዚህ መሐል ነው። ደምበጫ ድረስ መርዶው ደርሶት ጥቁር ለብሶ፣ ትርንጎን እያጽናና ይዟት መጥቷል። ደጅ ላይ እናቴን ሲያይ ሁለቱም ባሉበት ደረቁ። ነገሩን የሚያስረዳቸው ብዙ ሰው ስለነበር ለማስረዳት ረዥም ጊዜ ፈጀ። ትርንጎ ነገሩ ሲገባት መፍቻው የት እንዳለ ብቻ ጠየቀች።

ቢንያም ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰ። አሮጌዋን ሚሞሪ አነሳና ላጲስ ስጡኝ አለ። ላጲስ የመምህር ቤት አይጠፋም። በሚሞሪዋ ጠርዝ ላይ የተሰደሩትን ወርቃማ ጥርሶች በላጲስ ያሽ ጀመር። መሪጌታ ማስታወሻ በላጲስ ይታሻል ወይ ብለው ተሳቀቁ፤ ወርቁ ላይ ያለውን እድፍ ነው የማነሳው ሲላቸው ግን ደስ አላቸውና ቀርበው ቆሙ። ቢንያም ሚሞሪዋን ቦታዋ ላይ አስቀመጠና በሁለት አውራ ጣቱ ተጫናት። ቀጭ አለች። እኔ ስሰካት ይህን ድምፅ አልሰማሁም ነበር። ፈርተሃት ነው፣ እስከ መጨረሻው አልተጫንካትም አለኝ። ማዘርዋም አልሞተችም፤ በስልክ እንዲያ በማለቱ ይቅርታ ሲጠይቅ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እናቴ ነበር የሚያየው።

ቁልፉን ተጫነ። ማራገቢያዋ ዞረች። መስኮቱ እንደ ጠቆረ ቆየ፣ ቆየ። ከዚያ አንዴ ጢጥ አለችና «እንኳን ደህና መጡ» የሚለው ጽሑፍ ወጣ። ትርንጎ ተነሳች አለች። ሴቶቹ ነጠላቸውን ገና ሳያስተካክሉ እልል አሉ።

ፎቶውን ከፈትኩት። እንደ ልማዷ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለች አመጣችው። ጃንጥላው ወጣ፤ ግንባሩ ወጣ፤ አፍንጫው ላይ ሲደርስ ቀጥ አለች። እኔም እጄን አጣጥፌ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳልነካ ቆምኩ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ፈገግታው ወጣ፤ ከዚያ አንገቱ፤ ከዚያ የቆመበት እግሩ። ለእናቴ የመጣው ለቀስተኛ ሁሉ ከኋላችን ተሰብስቦ አባቴን ያየዋል።

እናቴ ጃንጥላውን ተደግፋ ተነሳችና ቀረበች። መስኮቱ ላይ ጉንጩን በአውራ ጣቷ አቧራ እንደምታነሳለት ጠረገችው።

«መጣች ብለውህ ተነስተህ ከሆነ ተቀመጥ» አለችው። «እኔ ገና ነኝ።»